ዶሮ ቤት የገባው ፍም

ውድ እህቴ ኡሙልኸይር፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ልጅሽስ፣ የልጅ ልጅሽስ ደኅና ናቸው ወይ? እኛ አለን፤ የቀረነው ማለቴ ነው። ኔትወርኩ ከጠፋ ወዲህ ስልኩን አንስቼ ቁጥርሽን እጫናለሁ፣ ዝም ይላል፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ሾፌሩ በፍቃዱ አይሱዙው ላይ እህል ጭኖ ነገ ጠዋት ወደ ወረኢሉ እንደሚወጣ ሰማሁና ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፤ ታግሰሽ አንብቢልኝ።

የባለቤቴን የአራጌን መሞት ሰምተሻል። ለቅሶ ያልደረስሽው መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቅር አላለኝም። ቅር ያለኝ የነገሩሽ ነገር ነው። “አሮጌው ማድቤት ውስጥ የገባ ነገር አለ፤ ዶሮዎቹን ጨርሶ ባለቤቱን ወሰደው” አሉሽ አሉ። ቀጥለውም “ቤትሽን የተከራየችው በዛች ዓይኗ ክፉ ነው፣ አስወጫት” ብለው ልከውብሻል። ምን እንደመለስሽላቸው አላውቅም። ከመመለስሽ በፊት ግን የሆነውን ከእኔ ስሚ።

ወረኢሉ ወደ ልጅሽ የሄድሽ ቀን ዶሮዎችሽን በአጥሩ ላይ ለአራጌ ስታቀብይው እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። “አያ አራጌ፣ አደራ፤ ብርድ አይችሉም” አልሽው። እሱም ገብስማዋን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ “አብሽሪ” አለሽ። ያንን አደራ እንዴት እንደያዘው ብታይ! ከመንገድ ሥራ በጡረታ ከወጣ ጀምሮ እጁ ሥራ ፈትቶ ሲብሰለሰል የኖረ ሰው፣ ዶሮዎችሽ ከመጡ ወዲህ ከወፍ ቀድሞ የሚነሳ ሆነ። የእኛንም ያንቺንም አንድ ላይ አሮጌው ማድቤት አስገባቸው። ቆጥ ሠራላቸው፣ ጭድ ጎዘጎዘላቸው፣ ማታ ማታ ገብስ በእፍኙ ይዞ ይገባና እያንዳንዷን በስሟ እየጠራ ያበላ ነበር። ስም ያወጣላቸው እሱ ነው፤ እኔ ስስቅበት ይቆጣኛል።

የዘንድሮው ብርድ ግን ብርድ አልነበረም። ገና ኅዳር ሳይወጣ አመዳዩ ባቄላውን አጥቁሮት አደረ። ታኅሣሥ ሲገባ ጠዋት የዶሮዎቹ መጠጫ በረዶ ሠርቶ በድንጋይ እንሰብረው ጀመር። አንድ ቀን ያቺ ገብስማዋ ከቆጥ ወርዳ መሬት ስትረግጥ እግሯን ብድግ፣ ብድግ እያደረገች አነከሰች። አራጌ አንስቶ እግሯን በትንፋሹ ሲያሞቅ አየሁት። “ይቺ እንግዳ ናት፤ እኛ ቤት መጥታ በብርድ ብትሞት ለኡሙልኸይር ምን እላታለሁ?” አለኝ።

በዚያው ሳምንት ማድቤቱን ጭቃ መምረግ ያዘ። ስንጥቁን ሁሉ ደፈነ። ከጣራው ሥር ጭስ ይወጣበት የነበረውን ክፍተት፣ ታስታውሺው እንደሆነ፣ በማዳበሪያ ኬሻ ጠቅጥቆ በላዩ ጭቃ ለጠፈበት። በሩን ከውስጥ በላስቲክ ሸፈነው። “አሁን ንፋስ በየት ይገባል!” ብሎ በኩራት አሳየኝ። ደሴ ሄዶ ሳለ ዶሮ የሚያረባ ሰው ቤት ጫጩቶች በከሰል እሳት ሲሞቁ አይቶ ነበርና፣ እሱም ማታ ላይ ምድጃውን በፍም ሞልቶ መሐል ወለሉ ላይ አኖረላቸው። የደሴው ሰው ቤት ጣራው የት እንደሆነ፣ መስኮቱ ስንት እንደሆነ አላየ ወይም አላስተዋለ። እኔም ብሆን አልጠየቅሁትም። እንዲያውም ዶሮዎቹ ላባቸውን ነፍተው መቆማቸውን ትተው ክንፋቸውን ዘርግተው ሲተኙ አይቼ “እሰይ፣ ደላቸው” አልኩ።

መጀመሪያ የመጣው ራስ ምታቱ ነው። አራጌ ዶሮ ቤት አምሽቶ ሲመለስ ግንባሩን በሻሽ ይሸብበዋል። “ብርዱ ራሴ ውስጥ ገባ” ይለኛል። አንድ ጠዋት እዚያ ገብቶ ሲጠርግ ቆይቶ ወጣና ደጅ ላይ አስመለሰው። እኔ ጤና አዳም አሽቼ አስሸተትኩት። ዶሮዎቹም ጠዋት በር ስንከፍትላቸው እንደ ድሮው ተሻምተው አይወጡም ነበር። ቆጡ ላይ ይቆያሉ። ሲወርዱ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ። ትንሽ አየር ሲያገኛቸው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ መጫር ይጀምራሉ። ይህን ሁሉ ዓይናችን እያየ ነበር ኡሙልኸይር።

ከዚያ ሞቱ ጀመረ። መጀመሪያ የእኛዋ ነጭ። ከቆጡ ሥር ወድቃ አገኘናት። ማግሥቱን ሌላ። ፈንግል ነው እንዳንል፣ ፈንግል እንዴት እንደሚያደርግ አንቺም እኔም እናውቃለን፤ አንገት ያጣምማል፣ አረንጓዴ ያስቀምጣል፣ ይጎትታል። እነዚህ ማታ ገብስ በልተው ጠዋት ሬሳ ናቸው። ሸለምጥማጥ ነው እንዳንል የንክሻ ምልክት የለ፣ ደም የለ። አራጌ አንዷን አገላብጦ አያትና “እንቁ፣ የሞተ ዶሮ ራሱ ላይ ያለው ሥጋ ይጠቁራል። ይሄ ለምን ቀላ?” አለኝ።  ብርዱ ባሰ መሰለንና ፍሙን ጨመርንላቸው።

አሁን የበዛችን ነገር ልንገርሽ። ቤትሽን ስትከራይ ካንቺ ጋር የተገናኛችሁት አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ ብዙም አታውቂያትም። ከወግዲ የመጣች፣ ሰፌድና መሶብ እየሰፋች የምትኖር፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። ሞቱ ሊጀምር ሰሞን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ “ውይ፣ እንዴት ያማሩ ዶሮዎች ናቸው!” አለች። ማሻአላህ አላለችም። የአራጌ ታናሽ ወንድም ንጉሡ በአጋጣሚ እኛ ቤት ነበርና ሰምቷታል። ዶሮዎቹ መሞት ሲጀምሩ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ሆነ።

“እኔ ያኔውኑ ደስ አላለኝም” አለ። “አየቻቸው፣ አለቁ። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?”

“ሴትዮዋ ዶሮዎቹ አማሩ ስላለች?” አለ አራጌ።

“ዛሬ ዶሮ ነው። ነገ ምን እንደሚሆን አታውቅም፤ ልጅ ያለው ጎረቤት አለ። ሰው ሰብስበን ትውጣልን ማለት ነው።”

 “ንጉሡ፣” አለው አራጌ፣ “ያላየሁትን አየሁ ብዬ ሰው ከቤት አላስወጣም። ዛሬ እዚያው ከዶሮዎቹ ጋር አድራለሁ። የሚገባው ሰውም ይሁን አውሬ፣ በዓይኔ አየዋለሁ። ካላየሁ ግን የዚችን ሴት ስም ዳግመኛ እንዳታነሳብኝ።”

ንጉሡ “እንደወደድክ” ብሎ ሄደ።

ይህ ነው እህቴ። ሰዎች “ባለቤቱን ወሰደው” ይበሉሽ እንጂ፣ አራጌ እዚያ የገባው አንዲት ባዕድ ሴት በሐሰት እንዳትከሰስ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ በርጩማ በክንዱ አንጠልጥሎ ሄደ። እኔ ነኝ ምድጃውን ተከትዬ የወሰድኩለት። ፍሙ ቀልቶ፣ አመድ ገና ሳይለብስ፣ ደስ የሚል ሆኖ ነበር። “አንተም ዶሮዎቹም ትሞቃላችሁ” አልኩት። “በሩን ከውስጥ ልቀርቅረው፤ የሚመጣው ነገር እንዳይነቃብኝ” አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነው። ሌላ ነገር ተናግሮ እንደሆነ ብዬ ስንት ጊዜ አሰብኩ፤ ሌላ የለም።

ሲነጋጋ ለዶሮዎቹ ለብ ያለ ውሃ ይዤ ሄድኩ። ጠራሁት፤ አልመለሰም። እንቅልፍ ጥሎት ይሆናል ብዬ በሩን በትከሻዬ ገፋሁት፣ መቀርቀሪያው ስስ እንጨት ነበርና ተሰበረ። ጭስ የለም። ሽታም የለም። የሞቀ አየር ብቻ ፊቴን ዳሰሰኝ። አራጌ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፣ ዱላው ጭኑ ላይ ነው። ጉንጩ እንደ ወጣት ቀልቷል። እንደዚያ ሆኖ ሳየው ደስ አለኝ። “ዛሬስ ሞቆት አደረ” አልኩ በልቤ። ጠጋ ብዬ እጁን ስነካው ነው የጮህኩት።

ጩኸቴን ሰምታ ቀድማ የደረሰችው በዛች ናት። በአጥሩ ዘልላ፣ ቀሚሷ እሾህ ላይ ተቀድዶ ገባች። እኔ ደርቄ ስቀር እሷ በብብቱ ይዛ ወደ ደጅ ጎተተችው፣ ጋቢውን ገፈፈችለት፣ በሻሿ አራገበችለት። እኔም ራሴ ዞሮ በሩ ላይ ስወድቅ የሳበችኝ እሷው ናት። ቆይቶ ሰዎች ይህንኑ ይዘው “ማን ቀድሞ ደረሰ? እሷ! ለምን ቀድማ ደረሰች?” አሉ። የሰው ነገር እንዲህ ነው።

ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሱት፤ ነፍሱ ግን ቀድማ ወጥታ ነበር። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ፊቱን አየ፣ ጥፍሩን አየ፣ የዓይኑን ቆብ ገለጠ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

“እማማ፣ ከሰል ነበረ ቤቱ ውስጥ?”

“ነበረ” አልኩት።

“መስኮትስ?”

“የለውም። ለዶሮዎቹ ብሎ ደፈነው።”

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ከሰል ሲነድ የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ ያወጣል፤ አየር መግቢያ ከሌለው ቤቱን ይሞላዋል። ሰውየው ሞቀኝ ብሎ ይተኛል እንጂ መሞቱን አያውቀውም። “ዶሮዎች ነፍሳቸው ስስ ስለሆነች ቀድመው ይወድቃሉ። ቀልተው አልነበረም የሞቱት?” ሲለኝ ወንበሩን ያዝኩ። አራጌ ለምን ቀላ ብሎ የጠየቀኝ ጥያቄ መልሱ እዚያ ወንበር ላይ ደረሰኝ፤ ጠያቂው ግን በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር።

ይህን ለንጉሡ ነገርኩት። ድንኳኑ ሳይነሳ፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ ነገርኩት። ከመቀመጫው ተነሳ።

“እትዬ እንቁ፣ ወንድሜ በገዛ እጁ ሞተ ነው የምትይኝ?”

“በገዛ እጁ አይደለም፤ ባላወቀው ነገር ነው።”

“ስንት ዘመን ከሰል አንድደን ሞቀናል! ማን ሞተ? ያቺን ሴት ለማዳን ብለሽ ወንድሜን ሞኝ አታድርጊብኝ።”

እልኸኛ ሆኖ አይምሰልሽ። አየሁት፤ ዓይኑ እየለመነኝ ነበር። ክፉ ሰው ገደለው ቢባል የሚጣላው ሰው ያገኛል። እሳት ገደለው ሲባል ግን ከማን ጋር ይጣላ?

በዚያ ሳምንት የበዛች ጣራ በድንጋይ ተመታ። በሯ ላይ አመድ ተደፋ። ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ሴቶች ልጆቻቸውን በነጠላቸው ሸፈኑባት። አንድ ጠዋት ሰፌዷን ጠቅልላ ልትሰናበተኝ መጣች። “እማማ እንቁ፣ ለአያ አራጌ ነፍስ ይማር። ወግዲ ዘመዶች አሉኝ” ብላኝ ሄደች። አላስቀረኋትም፤ ብትቀር ምን ያደርጓት እንደነበር አላውቅም።

እሷ ከሄደች በኋላ ንጉሡን ደጄ ድረስ አስጠራሁት። “አሁን በዛች ወግዲ ናት” አልኩት። “ዓይኗ ወግዲ ሆኖ እዚህ አያይም፤ አይደለም ወይ? ያልኩህ ውሸት ከሆነ ያው ቤቱ፣ ያው ምድጃው፤ ራስህ እየው።”

ንጉሡ ቤቱ ሄዶ የራሱን አውራ ዶሮ ይዞ መጣ፤ በዛች አይታው የማታውቀውን። ጎረቤት የሆኑ ሁለት ሽማግሌዎችንም ጠራ። በጠራራ ፀሐይ ምድጃውን ራሱ አቀጣጥሎ፣ ራሱ አስገብቶ፣ አውራ ዶሮውን ቆጡ ላይ ራሱ አስቀምጦ በሩን ዘጋውና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። አውራ ዶሮው መጀመሪያ ይጮህ ነበር። ንጉሡም “ይኸው፣ ይጮኻል” ይለኛል። ቆይቶ አነሰ። ቆይቶ ደግሞ አንድ ነገር ከከፍታ ወርዶ ጭዱ ላይ ሲወድቅ ሁላችንም ሰማን። አንዱ ሽማግሌ አማተቡ። ንጉሡ አልተነሳም። ከቆይታ በኋላ በሩን ከፍቶ ገባና እዚያው ቀረብን፤ ገብተን በጋቢው ጎትተን አወጣነው። አውራ ዶሮውን በሁለት እጁ ታቅፎ ነበር። ራሱ ላይ ያለው ሥጋ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

ከዚያ ዶማ አነሳ። አራጌ የደፈነውን፣ ከጣራው ሥር ያለውን ክፍተት፣ በዶማ ያፈርሰው ጀመር። በመታ ቁጥር “ወንድሜን! ወንድሜን!” ይላል። ጭቃው ራሱ ላይ ይረግፋል፣ እሱ አይጠርገውም። ያን ሁሉ ለቅሶ ተቀምጠን አንድ ጊዜ እንባ ያላወጣ ሰው ያን ቀን አለቀሰ። በማግሥቱ “በዛችን ይቅርታ ልጠይቅ” ብሎ በእግሩ ወደ ወግዲ ወረደ። መንገዱ ደኅና አይደለም ብለን ለመንነው። አልሰማንም፤ እስካሁንም አልተመለሰም። ልቤ በዚህም አላረፈም።

ስለዚህ ቤትሽን ለሌላ ሰው አታከራይብኝ። በዛች ከመጣች ቤቷ ይጠብቃት።

ከዶሮዎቹ የተረፉት በበሩ ሥር፣ ላስቲኩ ባልደረሰበት በኩል ይተኙ የነበሩት ናቸው፤ ገብስማዋም አለች። አሁን እሳት የሚባል አያዩም። ወለሉ ላይ አመድ ነስንሼ ደረቅ ጭድ በወፍራሙ አነጥፋለሁ፣ ሲረጥብ ቶሎ እቀይረዋለሁ፤ ዶሮን ብርድ የሚገድላት እርጥበት ሲጨመርበት ነው። ንፋሱ ቆጡን እንዳይመታው በእነሱ በኩል ኬሻ ሰቅያለሁ፤ ከላይ ግን ንጉሡ ያፈረሰው ክፍት ነው። ማታ ገብስ ጠገብ አድርገው ይበላሉ፣ ጠዋት ለብ ያለ ውሃ አቀርባለሁ። ተጠጋግተው፣ ላባቸውን ነፍተው ያድራሉ። ያ ላባ መንፋት ስቃይ ይመስለን ነበር፤ ለካ የእነሱ ብርድ ልብስ እሱ ነው። በዚያው አመዳይ አንድም አልሞተችም።

እዚህ ላይ ልጨርስልሽ ነበር።

አሁን ግን ነግቷል፤ በፍቃዱ መጥቶ ደጅ ላይ ቆሟል፤ ሞተሩን አላጠፋም። ወረቀቱን ላጥፍ ስል “ኡሙልኸይርማ ደኅና ናት፣ እሷም እንደናንተ ዶሮ በዶሮ ሆናለች” ብሎ ሳቀ። ጫጩቶች ገዝተሻል አሉ። የወረኢሉ ብርድ እንዳይጨርስብሽ ጓዳሽ አስገብተሻቸው፣ በሩን በብርድ ልብስ ከድነሽ፣ የከሰል ምድጃ አድርገሽላቸው፣ አንቺም ሞቀኝ ብለሽ ከልጅ ልጅሽ ጋር እዚያው ትተኛለሽ አለኝ። ራሴን አመመኝ ስትይ እንደሰነበትሽም ነገረኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ።

እየተቻኮልኩ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ካልተነበበልሽ ይህችን ብቻ ለይተሽ አንብቢ። ያ ራስ ምታት ብርድ አይደለም። አራጌም ብርድ ነው ይል ነበር።

ለበፍቃዱ ነግሬዋለሁ። እህሉን ሳታራግፍ፣ ሻይ ሳትጠጣ፣ ሰላምታም ሳትል መጀመሪያ እሷ ቤት ግባ፤ በሩ ተዘግቶ ብታንኳኳው ዝም ካለ ስበረው አልኩት። አሁን አይስቅም። መንገድ ካልዘጉበት ከመምሸቱ በፊት እደርሳለሁ ይላል። “ከዘጉብህስ?” አልለውም፣ እሱም አይለኝም። ጋቢናው ሰው ሞልቶታል እንጂ እኔው ራሴ እመጣ ነበር። እሱ እንደወጣ ስልኬን ይዤ ኔትወርክ አልፎ አልፎ ይይዛል ወደሚሉት ጉብታ እወጣለሁ፤ እስኪመሽ እዚያ ነኝ።

እህቴ፣ ወላሂ እልሻለሁ፣ በአንቺው መሐላ፤ ምድጃውን ደጅ አውጪው። በሩን ክፈቺው። ልጁን ደርበሽ አልብሺው፣ እቅፍ አድርጊው፣ ጫጩቶቹንም ከፈለግሽ ጉያሽ አስገቢያቸው። ዛሬ ይብረድሽ። ተንቀጥቅጠሽ እደሪልኝ።

ያንቺው እንቁ
ከመካነ ሰላም